ታቦቱን አወጡት ወይ?

ባለፈው ጥር በጣሊያን የምትኖረው ታናሽ እኅቴ አንድ ፎቶግራፍ ላከችልኝ። ፎቶው ላይ ዙሪያውን በተራራ የተከበበ፣ ከዳር እስከ ዳር በረዶ የሠራ ሐይቅ ይታያል፤ ከበረዶው መካከል ከወገቡ በታች የተቀበረ የሚመስል የድንጋይ ደወል ቤት ብቻውን ቆሟል፤ እኅቴም ወፍራም ካፖርቷን ለብሳ፣ በሐይቁ ላይ በእግሯ ተራምዳ ሄዳ፣ መዳፏን ከግድግዳው ላይ አሳርፋለች። በዙሪያው ሌላ ግንብ፣ ሌላ ጣሪያ፣ ሌላ አጥር የሚባል ነገር የለም።

ስልኩን ለእናቴ ሰጠኋት። እናቴ ሰማንያ ዓመት አልፏታል፤ ከአቃቂ ወዲያ ባለው የኮንዶሚኒየም ቤታችን፣ ከምድር ቤቱ መስኮት ሥር ተቀምጣ ፀሐይ እየሞቀች ነበር። ስልኩን ከዓይኗ አርቃ ይዛ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ከግንቡ ሥር አንድ ሙሉ ከተማ እንደነበረ፣ ለኤሌክትሪክ ግድብ ሲባልም በውኃ እንደተዋጠ ነገርኳት። ጥቂት ዝም አለችና «ታቦቱን አወጡት ወይ?» ስትል ጠየቀችኝ።

እኔ ዕድሜዬን በቅየሳ ሥራ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ፎቶው እንደደረሰኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ውኃው ከቀድሞው ወለል ስንት ሜትር ከፍ ብሎ ይሆን የሚለውን ነበር። የእናቴ ጥያቄ ግን ለሳምንታት ከራሴ አልወጣ አለ፤ ይህንን ጽሑፍ የጀመርኩትም በእርሱ ምክንያት ነው።

ቦታው ጣሊያን ከኦስትሪያና ከስዊዘርላንድ በምትዋሰንበት ጥግ፣ በሬዚያ የተራራ መተላለፊያ አጠገብ የሚገኝ ሲሆን፣ ጣሊያኖች ኩሮን፣ ጀርመንኛ ተናጋሪ የሆኑት ነዋሪዎቹ ደግሞ ግራውን ይሉታል። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ነው። ለእኛ ለአዲስ አበባ ሰዎች ይህ ቆላ ነው ቢባል አይበዛበትም፤ ለእነርሱ ግን የበረዶው ክረምት የማይቀመስበት ደጋ ነው። አዲጄ የተባለው ትልቅ ወንዝ ከዚያ ይነሣል። ቀድሞ በአካባቢው ትንንሽ የተፈጥሮ ሐይቆች ነበሩ፤ ከተማውና ማሳዎቹ በእነርሱ ዳርቻ የተቀመጡ ናቸው። አገሩ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት በኦስትሪያ ሥር ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ለጣሊያን ተሰጠ። ሙሶሊኒ ሥልጣን ሲይዝ የጀርመንኛ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ የቦታ ስሞች ተቀየሩ፣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ በጣሊያንኛ ብቻ የሚሠራ ሆነ።

የግድቡ ሐሳብ ከዚያ በፊትም ነበረ። በመጀመሪያው ዕቅድ ውኃው ከፍ ይላል የተባለው 5 ሜትር ብቻ ነው፤ 5 ሜትር ማለት ጥቂት የግጦሽ መሬት ይሄዳል፣ ከተማው ግን ይተርፋል ማለት ነው። ሞንቴካቲኒ የተባለው ኩባንያ ያቀረበው አዲሱ ዕቅድ ግን ቁጥሩን ወደ 22 ሜትር ከፍ አደረገው። ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ልጻፍና፣ በ1932 ዓ.ም. ይህ ለውጥ ለሕዝብ እንዲታወቅ ተብሎ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ የተለጠፈው ለጥቂት ቀናት ሲሆን የተጻፈውም በጣሊያንኛ ነበር። አብዛኛው ገበሬ አላነበበውም፤ ቢያነብም የሚገባው አልነበረም። የተቃውሞ ጊዜው አለፈ፣ ተቃዋሚም አልቀረበም ተባለ፣ ሥራው ሕጋዊ ሆነ።

ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣና ሥራው ተስተጓጎለ። ሙሶሊኒ ሲወድቅ የኩሮን ሰዎች ነገሩ አብሮት የተቀበረ መስሏቸው ነበር። ኩባንያው ግን ከስዊዘርላንድ ገንዘብ አግኝቶ ተመለሰ፤ ስዊሶቹ በምትኩ የክረምት ኤሌክትሪክ እንዲሰጣቸው ተስማምተው ነበር። የደብሩ ካህን አልፍሬድ ሪፐር እስከ ሮም ተጉዘው ለርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ አቤት አሉ፤ ከአክብሮት መስተንግዶ ያለፈ ነገር አላገኙም። በ1942 ዓ.ም. መጨረሻ ወራት 163 ቤቶች በፈንጂ እየፈረሱ 523 ሄክታር መሬት በውኃ ተሸፈነ። ቤተ ክርስቲያኑም ፈረሰ። የደወል ቤቱ የተረፈው ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆየ፣ በቅርስነት የተጠበቀ በመሆኑ ብቻ ነው። ከነዋሪው ብዙው ተበተነ፤ የቀረው በችኮላ በተሠሩ ጊዜያዊ መጠለያዎች ውስጥ ክረምቱን አሳለፈ፤ ካሳውም እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

ይህንን ሁሉ ለእናቴ ስተርክላት በትዕግሥት ሰማችኝ፤ ሆኖም ጥያቄዋን አልረሳችም። ካቶሊኮች እንደ እኛ ያለ ታቦት እንደሌላቸው፣ ነገር ግን ደወሎቹን ሐምሌ 11 ቀን 1942 ዓ.ም.፣ ከመጥለቅለቁ አስቀድሞ፣ ከግንቡ ላይ እንዳወረዷቸው ነገርኳት። «እሰይ» አለች። ቀጥዬም የአካባቢው ሰዎች በክረምት ሌሊት ከሐይቁ ሥር ደወል ሲደወል ይሰማል እያሉ እንደሚያወሩ ጨመርኩላት። በዚህ አልተገረመችም፤ የገረማት ሌላ ነገር ነው።

እናቴ የወሎ ሰው ናት፤ ያደገችው ከሐይቅ እስጢፋኖስ ብዙም ሳይርቅ ነው። የዚያ አገር ሰው ሐይቁ እንዴት እንደተፈጠረ ሲጠየቅ የሚናገረው አንድ ታሪክ አለው። በድሮ ዘመን አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ግፍ ተፈጸመባት፤ እግዚአብሔርም ተቆጥቶ በነፍሰ ጡሯ ዙሪያ ያለውን ምድር ሁሉ ውኃ አደረገው፤ እርሷ የተቀመጠችበት ቦታ ብቻ ደረቅ ሆኖ ቀረ፤ በኋላ ገዳሙ የተተከለበት ያ መሬት ነው ይባላል። እናቴ ይህንን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ስትነግረኝ ኖራለች፤ የኩሮንን ነገር ስትሰማም የከነከናት ቅደም ተከተሉ ነው። «እኛ ዘንድ ውኃው የሚመጣው ከግፉ በኋላ፣ በግፈኛው ላይ ነው። እነዚህ ላይ ግን ውኃው ራሱ ግፉ ሆነ» አለች። እኔ ይህን ያህል አጥርቼ መናገር አልችልም ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ ምክንያቱም የኩሮን ማስታወቂያ ነገር የቆየ ቁስል ነክቶብኛል።

በሙያዬ የመጀመሪያ ዓመታት፣ ከአዲስ አበባ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ለሚሠራ አነስተኛ የመስኖ ግድብ የውኃ ማቆሪያውን ዳርቻ እንድቀይስ ተላክሁ። ሥራው ለጆሮ ቀላል ነው። ግድቡ ሲሞላ የውኃው ወለል የሚደርስበት ከፍታ በወረቀት ላይ አስቀድሞ ተወስኗል፤ ቀያሹ ሌቭሉን፣ ማለትም የከፍታ መለኪያ መነጽሩን፣ በሦስት እግሩ አቁሞ፣ ስታፍ የሚባለውን ባለ ቁጥር ዘንግ የያዘውን ልጅ ወደ ላይና ወደ ታች እያስኬደ፣ ያ ከፍታ በመሬቱ ላይ የት የት እንደሚያልፍ ይፈልጋል፤ በተገኘበት ሁሉ ጫፉ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ይተክላል። ችካሎቹ ሲያያዙ የሐይቁ ዳር ይሆናሉ። ሐይቁ ገና የለም፤ ወንዙ እንደወትሮው ከታች በድንጋዮች መካከል ይንሿሿል፤ ዳሩ ግን በማሳው፣ በግጦሹ፣ በሰው ደጅ ላይ ተሰምሯል።

ከመጀመራችን በፊት ሽማግሌዎቹን ሰብስበን ደብዳቤ ማንበብ ነበረብን፤ ያነበብኩትም እኔ ነበርኩ። ደብዳቤው በአማርኛ የተጻፈ ነው፤ የአገሩ ሰው የሚናገረው ኦሮምኛ ነው። ከሰባተኛ ክፍል የማይበልጥ ተማሪ ተጠርቶ ያስተረጉም ጀመር። «ሙሉ የውኃ ወለል» የምትለው ሐረግ ላይ ስንደርስ ልጁ ቆመ፤ አሰበ፤ ከዚያም «ሎላ» አለ። በኦሮምኛ ይህች ቃል መጨረሻዋ ሲረዝም ጎርፍ ነው፤ ሲያጥር ጦርነት ነው፤ በእኛ ፊደል ሲጻፍ ግን ሁለቱ አይለዩም። የትኛውን እንዳለ በጊዜው አላወቅሁም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንደኛው አንድ ነገር ተናገሩና ሌሎቹ ሳቁ፤ ልጁ ግን ሳቁን አልተረጎመልኝም። እኔም አልጠየቅሁም። ደብዳቤውን አጠፍኩና በቃለ ጉባኤው ላይ «ማብራሪያ ተሰጥቷል» ብዬ ጻፍኩ።

በአራተኛው ቀን መስመሩ አንድ ጎጆ ላይ ደረሰ። ጎጆው ከጥቂት ወራት በፊት የታደሰ፣ ሣሩ ገና ያልጠቆረ፣ ከጀርባው ትንሽ ከፍ ብሎ ማድቤት፣ ከማድቤቱ አጠገብ ደግሞ በጭቃና በእበት የተለሰነ ጎታ ያለው ነው። ስታፉን በበሩ ደፍ ላይ አቆምን፤ ከሙሉ የውኃ ወለል በ40 ሳንቲሜትር ዝቅ ይላል። ማድቤቱ ዘንድ ስናቆመው ከወለሉ በላይ ሆነ። ስለዚህ ችካሉ መተከል የነበረበት በቤቱና በማድቤቱ መካከል ነው፤ የተከልነውም እዚያው ነው። ባለቤቱ ሽማግሌ ቆመው ሲመለከቱ ቆዩና በልጁ በኩል «ማድቤቱ ይቀራል፣ ቤቱ ይሄዳል ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «አይ አባባ፣ የመጠበቂያ ርቀት ስላለ ሁለቱም ይነሣሉ» አልኳቸው። «ታዲያ ይሄ እንጨት ለምን መካከሉ ላይ ተተከለ?» አሉኝ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ሆኖም ለእርሳቸው የሚሆን አነጋገር አላገኘሁለትም።

ግድቡ ተሠርቶ ውኃ እስኪይዝ ሦስት ዓመት ፈጀ። በሁለተኛው ዓመት የወደቁና የተነቀሉ ችካሎችን ለመተካት ተመልሼ ስሄድ ያየሁትን እስካሁን አልረሳሁትም። ውኃ አልመጣም፤ ነገር ግን ከመስመሩ በታች ያለው መንደር ሌላ መልክ ይዞ ጠበቀኝ። ያ አዲስ የነበረ ክዳን በአንድ በኩል ተቦድሶ አልተጠገነም። አጥሩ ወድቆ ከብት እንደልቡ ይገባል። ጌሾ የሚተክል፣ ጉድጓድ የሚጠርግ የለም። ልጅ የሚድሩ ሰዎች ዳሱን በየትኛው ደጅ እንጣለው እያሉ ሠርጉን ከዓመት ዓመት ያሸጋግሩታል። ዕድር እንኳ ድንኳን ለመግዛት ያዋጣውን ገንዘብ ለመከፋፈል ይመክር ነበር፤ የት እንደሚደርሱ ሳያውቁ ድንኳን ምን ይሠራል! ያበበው ነገር ባሕር ዛፍ ብቻ ነው፤ ካሳው በዛፍ ቁጥር እንደሚታሰብ የሰማ ሁሉ ችግኙን ጣት በማያስገባ ጥግግት ተክሎት ነበር። ቆጣሪዎቹ ተናደዱ፤ እኔ ግን በልቤ ሳቅሁ፤ ከዚያ ሁሉ ወረቀት ውስጥ ሰዎቹ በወጉ የተረዱት አንቀጽ እርሱ ነበርና።

የኩሮን ሰዎች በማስታወቂያውና በውኃው መካከል የጠበቁት አሥር ዓመት ነው። ጦርነት ውስጥ ሆነው፣ ይምጣ አይምጣ ሳይታወቅ፣ አሥር ዓመት። ስለ ሰመጡ ከተሞች ሲወራ ሁሌም የሚታየው ግንቡና ሐይቁ ነው፤ በፎቶግራፍ ስለሚያምርም ይሆናል። እኔን ግን የሚያሳስቡኝ እነዚያ አሥር ዓመታት ናቸው፤ ጣሪያ ሲያፈስ «ይጠገን ወይስ ይቅር?» እየተባለ ያለፉት ክረምቶች። ቤት ከሰው እጅ የሚወጣው ያኔ ይመስለኛል፤ ውኃው ሲደርስ የሚያገኘው የተተወውን ነው።

ቅዳሜ ዕለት ይህንኑ እያሰብኩ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ሄድኩ። ከእኛ ሰፈር ሩቅ አይደለም። ግድቡን በወረራው ዘመን የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው፤ ኩሮን ላይ ማስታወቂያ ይለጥፍ የነበረው መንግሥት በዚያው ዘመን እዚህ አቃቂ ወንዝ ላይ ግንብ ያቆም ነበር ማለት ነው። ጣቢያው ለአዲስ አበባ 6.6 ሜጋ ዋት ያመነጭ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ማቆሪያው በደለል ተሞልቶ ሥራ አቆመ፤ ብዙ ዘመን ተዘግቶ ቆይቶም በቻይና ድጋፍ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. እንደገና ሥራ ጀመረ። ጣሊያን ከነፃነት በኋላ በጦር ካሳ የሠራችልን የቆቃ ግድብም በዚሁ ውኃ መንገድ ላይ ነው፤ አቃቂ ከአባ ሳሙኤል ወጥቶ አዋሽ ይገባል፣ አዋሽም ወደ ቆቃ ይወርዳል።

የአባ ሳሙኤልን ዳር የሚያይ ሰው ሐይቅ መሆኑን ለመቀበል ይቸገራል። እንቦጭ እንደ ማሳ አረንጓዴ ሆኖ ተነጥፎበታል፤ ከሩቅ የሚመጣ ጥጃ ገደሉን ሳያውቅ ሊገባበት ይችላል። ሽታው ደግሞ ከመታየቱ አስቀድሞ ይደርሳል። ምክንያቱ ምስጢር አይደለም። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከተማዋን ሰንጥቀው እዚህ ይገናኛሉ። ገፈርሳ በትንሹ አቃቂ ራስ ላይ፣ ለገዳዲና ድሬ ደግሞ በትልቁ አቃቂ ገባሮች ላይ የተሠሩ የመጠጥ ውኃ ግድቦች ናቸው። ስለዚህ አዲስ አበባ ከላይ በሦስት ግድብ ትጠጣለች፣ ከታች በአንዱ ላይ ታራግፋለች። የሮጠ ውኃ አፈር ይሸከማል፤ የቆመ ውኃ የተሸከመውን ያስቀምጣል፤ የከተማዋ አፈር፣ ፌስታል፣ የቆዳ ፋብሪካ ዝቃጭ ሁሉ እዚህ ያርፋል። ኩሮን ላይ በ2013 ዓ.ም. ለጥገና ሥራ ውኃው ዝቅ ሲደረግ የድሮ ቤቶች ግድግዳ፣ ደረጃና ምድር ቤት ታይቶ ነበር፤ ሰዎችም በመካከሉ ተመላልሰዋል። አባ ሳሙኤል ቢደርቅ ግን ከደለሉ ሥር የማንንም ደጅ ማግኘት የሚቻል አይመስለኝም።

ከዚያ ስመለስ የድሮ ዕቃ ያለበትን ካርቶን ከአልጋ ሥር አወጣሁ። የቅየሳ ደብተሮቼን መሥሪያ ቤቱ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጣልኳቸውም። ሽፋኑ በዝናብ የተበላሸውን ፈልጌ አገኘሁት። ገጾቹ በእርሳስ የተጻፉ ናቸው፤ በየመስመሩ የነጥብ ቁጥር፣ የስታፍ ንባብ፣ ከፍታ፣ በመጨረሻም አስተያየት የሚል ጠባብ ዓምድ አለ። ያንን ቤት ለማግኘት ጊዜ አልወሰደብኝም። ነጥብ 214። አስተያየቱ «የቤት ደፍ፣ ሣር ክዳን» ይላል። ነጥብ 215፦ «ማድቤት»። ነጥብ 216፦ «ጎታ»።

እናቴ ምን እንደማነብ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ዝናብ ባነሰበት ዓመት ማቆሪያው ስለማይሞላ ያ ደፍ ከውኃው ሊወጣ እንደሚችልም አስረዳኋት፤ 40 ሳንቲሜትር ብዙ አይደለም።

«ሰውየው ማን ይባላሉ?» አለችኝ።

ገጹን ከላይ እስከ ታች አየሁት። ቀጣዩንም ገለጥኩ። ከደብተሩ ጀርባ፣ የቀን ሠራተኞችን አበል የያዝኩበት ገጽ ላይ፣ ስታፍ የያዘው ልጅ ስም፣ ችካል የተሸከሙት የሁለቱ ጎልማሶች ስም፣ ያስተረጎመው ተማሪም ስም ከነፊርማቸው አለ።